ቤቱ ከመቆሙ በፊት፦ በከተማ ዳር ትልቅ ሰፈር እንዴት ይታቀዳል?

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለ51,229 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ። ለዓመታት ከደሞዛቸው እየቀነሱ ሲቆጥቡ የኖሩ ሰዎች ስማቸውን ከዝርዝሩ ላይ አገኙ። በየቤቱ እልልታ ሆነ። ከሳይቶቹ አንዱ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ያለው ኮዬ ፈጬ ነበር። በቀናት ውስጥ በተለያዩ የኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሳ። ጥያቄው መሬቱ በማን አስተዳደር ሥር ነው፣ ከላዩ የተነሱት ገበሬዎችስ ምን አገኙ የሚል ነበር። ርክክቡ ተጓተተ። ቆይተው ቁልፍ የተረከቡትም ሌላ ጥያቄ ይዘው ገቡ። ውሃው መቼ ነው የሚመጣው? መብራቱስ? ሥራ ለመድረስ ስንት ሰዓት ላይ ልነሳ?

እነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት መመለስ የነበረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዛሬ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ አዳማም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ጅማም እየሰፉ ነው። ሁሉም ቤት ያስፈልጋቸዋል። ሁሉም ከዳራቸው የእርሻ መሬት አለ። በእኔ እምነት በከተማ ዳር የሚሠራ ትልቅ ሰፈር ዕጣ ፈንታው የሚወሰነው ገና ሜዳ ሳለ ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ የሚስተካከለው ትንሽ ነው። ያም ቢሆን በብዙ ገንዘብና በብዙ ሰው እንባ ነው።

ለምን ወደ ዳር?

«መሀል ከተማው ላይ ያለውን ቦታ በደንብ ሳንጠቀም ለምን እርሻ እንነካለን?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። መንገድ፣ ውሃና ትምህርት ቤት ባለበት ቦታ ላይ ፎቅ መጨመር በዋጋ ይረክሳል። የሚታረሰውንም መሬት ያተርፋል። መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ቁጥሩ ግን ከዚያ ያልፋል። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲከፈት ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ይህን ሁሉ ቤት መሀል ላይ ለማስገባት ነባሩን ነዋሪ በብዛት ማንሳት ይጠይቃል። የተነሳው ሰው ደግሞ ያው ቤት ፈላጊ ነው።

በሳተላይት ምስል የብዙ ሀገር ከተሞችን ያነጻጸሩ ባለሙያዎች ያገኙት ነገርም አለ። የአንድ ከተማ ሕዝብ እጥፍ ሲሆን የያዘው መሬት ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ሰው ኑሮው ሲሻሻል ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ፋብሪካውም፣ መጋዘኑም፣ ትምህርት ቤቱም ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ «ከተማው አይስፋ» ብሎ መወሰን መስፋቱን አያስቆመውም። ያለ ፕላን እንዲሰፋ ብቻ ያደርገዋል።

ያለ ፕላን ሲሰፋ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ጨረቃ ቤት ነው። ገበሬው «ነገ በትንሽ ካሳ ልነሳ እችላለሁ» ብሎ ይሰጋና ቁራሽ መሬቱን በእጅ ውል ይሸጣል። ገዢው በሌሊት ጭቃ ያቦካል፣ ቆርቆሮ ይመታል። ለዓመታት ይኖርበታል፣ ልጅ ይወልድበታል። አንድ ቀን አፍራሽ ይመጣል። ቤቱን ሕገወጥ ነው ማለት ቀላል ነው። ሕጋዊው በር ለዚያ ሰው ክፍት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

ሜዳው ላይ መጀመሪያ የሚሰመረው

በ2005 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ልማት ሚኒስቴር ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር አንድ የከተማ ማስፋፊያ ሥራ ጀመረ። ሐሳቡን ካመነጩት አንዱ ፕሮፌሰር ሽሎሞ ኤንጀል ናቸው። መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማና ሐዋሳ ቀድመው ተመረጡ። ስለዚህ ሥራ በሕዝቡ ዘንድ ብዙ አልተወራም። እኔ ግን ከተማን ስለማስፋት ካነበብኳቸው ሐሳቦች ሁሉ ለሀገራችን አቅም የሚስማማው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከተማው በ30 ዓመት ውስጥ ምን ያህል መሬት እንደሚፈልግ ይሰላል። ስሌቱ ሳይሰስት ነው የሚሠራው። ቀጥሎ ያ መሬት በፕላኑ ወሰን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች የሚያልፉበት መስመር ካርታ ላይ ይሰመራል፣ ሜዳው ላይም ችካል ይተከላል። እያንዳንዱ መንገድ 30 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከአንዱ እስከ ሌላው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሁለቱም አቅጣጫ ሲሰመር ሜዳው በትልልቅ ካሬዎች ይከፈላል። ወንዝ ዳር፣ ረግረግና ተዳፋት ደግሞ ከግንባታ ውጪ ተብለው ይለያሉ። በቃ። የየቤቱ ዲዛይን፣ የየመንደሩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የገበያው ቦታ በየተራው የሚመጣ ነው። ሸማኔ ድሩን ሳይዘረጋ ማግ አይወረውርም። እዚህም እንዲያ ነው።

ለምን 1 ኪሎ ሜትር? አውቶቡስ የሚሄደው በዋናው መንገድ ላይ ነው። መንገዶቹ በዚህ ርቀት ከተሰመሩ በካሬው መሀል ያለ ሰው እንኳ ወደ አንዱ ለመድረስ የሚቀረው ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። አሮጊትም ሕፃን ያዘለች እናትም የምትችለው መንገድ ነው። ከዚያ በላይ ሲራራቅ ባጃጅ ያስፈልጋል። ባጃጅ ሲያስፈልግ ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ወጪ ይመጣል።

ለምን 30 ሜትር? ዛሬ ላይ በጣም ሰፊ ይመስላል። ግን የእግረኛ መንገዱን፣ ዛፉን፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ ነገ ደግሞ ለአውቶቡስ ብቻ የሚከለለውን መስመር አብራችሁ አስቡ። አስፋልት ዛሬ መነጠፍ የለበትም። ለዓመታት የጠጠር መንገድ ሆኖ ቢቆይ ችግር የለውም። ዋናው መስመሩ መያዙ ነው።

ይህ ሁሉ መንገድ የሚወስደው መሬት ምን ያህል ነው? ቁጥሩን ስታዩ ትገረማላችሁ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብንወስድ፣ ጎኖቹን ከጎረቤት ካሬዎች ጋር ስለሚጋራ፣ ለእሱ የሚደርሰው 2 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። 2,000 ሜትር በ30 ሜትር ሲባዛ 60,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከጠቅላላው መሬት 6 በመቶ ማለት ነው። ከተማው ዛሬ ካሳ ከፍሎ መያዝ ያለበት ይህን 6 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው መሬት ተራው እስኪደርስ ይታረሳል። ገበሬውም በቦታው አለ።

አሁን ተቃራኒውን አስቡት። መስመሩ ሳይያዝ ሰፈሩ ተሠራ። ከ15 ዓመት በኋላ መኪናው በዛ፣ መንገድ ይስፋ ተባለ። አሁን የሚነሳው የጤፍ ማሳ አይደለም። ሱቅ ነው፣ ቤት ነው፣ ክሊኒክ ነው። ካሳው ስንት እጥፍ ይሆናል? ማኅበራዊ ጉዳቱስ? እድሩ ይበተናል፣ ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ይርቃሉ፣ ደንበኛ የለመደ ነጋዴ ከዜሮ ይጀምራል። ከተሞቻችን ይህንን ዋጋ በተደጋጋሚ ከፍለዋል።

ሐሳቡ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ተራራማ ከተማ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም። መንገዱ ከመሬቱ ጋር መታጠፍ አለበት። የካሬዎቹ ውስጥም ዝም ብሎ ከተተወ እዚያው ውስጥ ሌላ ዝብርቅርቅ ይፈጠራል። መንገዱ አጥንት ነው፣ ሥጋው ገና መልበስ አለበት። ግን አጥንት የሌለው ሥጋ ለማቆም ከመታገል ይሄ ይሻላል።

ውሃ፣ ፍሳሽና ምጣድ

እስቲ በምሳሌ እናስላ። በአንድ መካከለኛ ከተማ ዳር 20 ሺህ ቤት ሊሠራ ነው እንበል። በየቤቱ አራት ሰው ብንይዝ 80 ሺህ ነዋሪ ይሆናል። በሀገራችን የከተማ ውሃ አቅርቦት መለኪያ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው ግብ በሰው በቀን 80 ሊትር ነው። 80 ሺህ በ80 ሲባዛ በቀን 6.4 ሚሊዮን ሊትር ነው።

ይህን በቦቴ እናድርስ ብትሉ፣ አንዱ ቦቴ 10 ሺህ ሊትር ቢይዝ፣ በየቀኑ 640 ምልልስ ያስፈልጋል። በእሑድም፣ በፋሲካም። ስለዚህ «መጀመሪያ ሰው ይግባ፣ ውሃው በኋላ ይታሰብበታል» የሚባለው ነገር በስሌት እንኳ አይቆምም። ሰው ግን በጀሪካን ይኖራል። አራተኛ ፎቅ ድረስ በጀሪካን ውሃ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ደግሞ ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ውሃ ከቤት ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። መጀመሪያ ከመሬት በታች ምን ያህል እንዳለ ይጠናል። ይቆፈራል፣ ይፈተሻል። ፓምፑ ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ማጠራቀሚያው ከፍታ ቦታ ይፈልጋል፣ ዋናው ቱቦም መስመር ይፈልጋል። መስመሩ ቅድም ያልናቸው 30 ሜትሮች ውስጥ ነው። ለዚህ ነው የውሃው ሥራ ከቤቱ ሥራ ቀድሞ መጀመር ያለበት። እኩል ቢጀመሩ ቤቱ ይቀድማል፣ ውሃው ይቀራል።

ከገባው ውሃ አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። በምህንድስናው ልማድ 80 በመቶ ያህሉ ፍሳሽ ይሆናል ተብሎ ይሰላል። በእኛ ምሳሌ በቀን ከ5 ሚሊዮን ሊትር በላይ ማለት ነው። ይህ የት ይሄዳል? ግቢ ላለው ቤት ጉድጓድ ሊበቃው ይችላል። በአንድ ብሎክ ብዙ አባወራ ሲኖር ግን ሴፕቲክ ታንኩ ቶሎ ይሞላል። የሚመጥጠው መኪና ይዘገያል። ፍሳሹ በብሎኮቹ መሀል ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ወንዝ። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ። በዚያው ውሃ ዳር አትክልት ይለማል፣ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። የፍሳሽ ማጣሪያ «በጀት ሲገኝ» የሚባል ነገር መሆን የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ቦታው ቢያንስ ከመጀመሪያው መከለል አለበት። ማጣሪያ ጣቢያ በተፈጥሮው የሰፈሩን ዝቅተኛ ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ቦታ አንዴ ቤት ከተሠራበት ሌላ አይገኝም።

መብራቱ ላይ አንድ ብቻ ልበል። ከሌላ ሀገር የተቀዳ የፍጆታ ስሌት ለእኛ ሰፈር አይሠራም። እኛ እንጀራ እንጋግራለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ከግቢ ወጥቶ ፎቅ ላይ የገባ ሰው ማገዶ አያነድም፣ ወደ ኤሌክትሪክ ይዞራል። ይህ ለጤናም ለደንም ጥሩ ነው። ግን ከ20 ሺህ ቤት አንድ አሥረኛው በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢያሞቅ፣ በ3.5 ኪሎ ዋት ሂሳብ፣ 7 ሺህ ኪሎ ዋት ይሆናል። ትራንስፎርመሩ ይህን አስቦ ካልተተከለ በዓመት በዓል ዋዜማ ይቃጠላል። በየኮንዶሚኒየሙ የተሠሩት የጋራ መጠቀሚያ ቤቶች፣ ማለትም በግ የሚታረድባቸው፣ ልብስ የሚታጠብባቸው፣ ለቅሶ የሚደረስባቸው፣ ጥሩ ሐሳብ ነበሩ። የሰውን አኗኗር ያየ ሰው ያሰባቸው ናቸው። የኤሌክትሪኩም ስሌት በዚያው ዓይን መታየት አለበት።

ገበሬው

ስለ ማስፋፊያ ስናወራ መሬቱን ባዶ አድርገን የመሳል ልማድ አለን። ካርታው ላይ ነጭ ነው። መሬቱ ላይ ግን ሰው አለ። ጤፍ ያመርታል፣ ላም ያልባል፣ ኩበት ይሸጣል፣ አባቱ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እዚያው ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ ሲነሳ የመሬቱ የገበያ ዋጋ አይከፈለውም። የሚከፈለው በላዩ ላለው ንብረትና ለሚያጣው ምርት ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ የሚከፈለው ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሻለው። ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ገቢ ያገኘበት ዓመት ተይዞ በ15 ይባዛል። የልማት ተነሺዎችን መልሶ ማቋቋም ግዴታ እንዲሆን አደረገ። መሬቱን ራሱ ማልማት ለሚችል ባለይዞታም ቅድሚያ ሰጠ። ጥሩ እርምጃ ነው።

ያም ሆኖ ችግሩ አልተፈታም። ገበሬው በ15 ዓመት ምርቱ የተነሳበት መሬት በሊዝ ጨረታ ሲወጣ በካሬ ሜትር ነው የሚሸጠው። ልዩነቱን ገበሬው ራሱ ያየዋል። ጎረቤቱ ሆኖ ያየዋል። ልጁ እዚያው ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ወይም ጥበቃ ሆኖ ያየዋል። ካሳው በአንድ ጊዜ ይመጣል። ብር አስተዳድሮ የማያውቅ ሰው ላይ ሚሊዮን ብር ማፍሰስ መቋቋሚያ አይሆንም። ለአንዳንዱ መኪና ይሆናል፣ ለአንዳንዱ ቤት፣ ለብዙው ደግሞ የጥቂት ዓመት ቀለብ።

ይህ ቅሬታ ሲጠራቀም ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን ተቃውሞ ተነሳ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በከፋ መልኩ ተመለሰ። የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ፕላኑ ውስጥ መንገዱም፣ ውሃውም፣ አረንጓዴ ቦታውም በባለሙያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው «የእኔ ነው» ያላለው ፕላን ግን ወረቀት ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ሌላ መንገድ አለ ወይ? አለ። ጃፓንና ጀርመን ለረጅም ጊዜ የሠሩበት፣ በሕንድ የጉጃራት ግዛትም የተለመደ አሠራር ነው። የመሬት ሽግሽግ ልንለው እንችላለን። ከተማው የአንድን አካባቢ ይዞታዎች በአንድነት ይወስዳል። ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለአረንጓዴ ቦታ የሚያስፈልገውን ይቀንሳል። የቀረውን መንገድና ውሃ በገባለት ቦታ ሸንሽኖ ለቀድሞ ባለይዞታዎቹ ይመልሳል። ባለይዞታው የያዘው መሬት ያንሳል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ካርታ ይይዛል። ሱቅ ይሠራበት፣ ያከራየው፣ ከአልሚ ጋር ይሸርከው፣ ምርጫው የራሱ ነው። የሰፈሩ ማደግ ለእሱም ማደግ ይሆናል። በእኛ የመሬት ሕግ እንዴት እንደሚገባ መሥራት ይጠይቃል። የአዋጅ 1161 የቅድሚያ ማልማት መብት ግን መነሻ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከሁሉም በላይ መሠራት ያለበት ይሄ ነው።

ሰፈሩና እንጀራው

ሰው የሚኖረው ቤት ባለበት ብቻ አይደለም፣ እንጀራው ባለበት ነው። ኮዬ ፈጬ ከመስቀል አደባባይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መሀል ከተማ ሻይ አፍልታ የምታድር ሴት ዕጣ ቢደርሳት ደስ ይላታል። ግን ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፣ በየቀኑ ደርሶ መልስ። የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ሳይጨመር ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ቤታቸውን አከራይተው ራሳቸው ለሥራቸው የሚቀርብ ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። በዕጣ ቤት ያገኘው ድሃ ተመልሶ ተከራይ ይሆናል።

የሐዋሳው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። እስከ 60 ሺህ ሠራተኛ እንዲይዝ የታሰበ ነው። አብዛኞቹ ከገጠር የሚመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሼዱ ተሠራ፣ ፍሳሽ ማጣሪያውም ተሠራ። ቤቱ ግን አልቀደመም። ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው አደሩ። ኪራይ ተወደደ። ደሞዙ ኪራይና ምግብ ሸፍኖ አልተርፍ ሲላቸው ሥራውን እየተዉ የተመለሱ ብዙ ናቸው። ሐዋሳ ላይ ሥራ አለ፣ ቤት የለም፤ ኮዬ ፈጬ ላይ ቤት አለ፣ ሥራ የለም።

ጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ዳር ሪዘልፌልድ የሚባል ሰፈር አለ። 10 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበታል። ቦታው ቀድሞ የከተማው ፍሳሽ የሚለቀቅበት መስክ ነበር። ከ300 ሄክታር በላይ ከሆነው መስክ ለግንባታ የዋለው 70 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ለተፈጥሮ ተጠብቋል። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ትራሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ገባ፣ ያውም ገና አብዛኛው ቦታ የግንባታ ስፍራ ሆኖ ሳለ። መጀመሪያ ላይ ባዶውን የሚሄድ ይመስል ነበር። ግን የገባው ሰው መኪና ከመግዛቱ በፊት ትራሙን ለመደው። እኛ ትራም እንትከል ማለቴ አይደለም። ሃይገሩ፣ አንበሳ አውቶቡሱ፣ ታክሲ ተራው ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ጋር አብሮ ይግባ ነው የምለው። የሙሉ ቀን መሥመር ለመጀመር የሰፈሩን መሙላት መጠበቅ ሰፈሩን ያዘገየዋል።

ሌላው ከዚያ ሰፈር የሚወሰድ ነገር ገንዘቡ ነው። መንገዱና ትምህርት ቤቱ የተሠሩት በአብዛኛው ከቦታው ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ ነው። ገንዘቡም ለብቻው ሂሳብ ተከፍቶለት ለዚያው ሰፈር ብቻ ዋለ። የእኛም ከተሞች ከሊዝ ገቢ አላቸው። ከአዲሱ ሰፈር የተሰበሰበው ሊዝ ለዚያው ሰፈር ቱቦ መዋሉን የሚያሳይ ሂሳብ ቢኖር ግን ብዙ ነገር ይቀየር ነበር።

የሪዘልፌልድ መሬት ደግሞ በትንሽ በትንሹ ተሸንሽኖ ለብዙ ገንቢዎች ነው የተሰጠው። አንድ ዓይነት ብሎክ ሺህ ጊዜ አልተደገመም። ይህን በተመለከተ ኮንዶሚኒየሞቻችን ደካማ ናቸው። ምድር ላይ ያሉት ሱቆች ሰፈሮቹን ነፍስ ዘርተውባቸዋል። ግን አነስተኛ ወርክሾፕ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ የሚሠራበት ቦታ አብሮ አልተሰጠም። ሰፈሩ ውስጥ ሥራ ካልተፈጠረ ጠዋት ሁሉም ወደ መሀል ይወጣል።

ወንዙን መተው

የሀገራችን የከተማ ፕላን አንድ መለኪያ አለው፦ 30፣ 30፣ 40። 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ሲተገበር ግን መጀመሪያ የሚቆረሰው አረንጓዴው ነው። የተቆረሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎርፍ የሚሄድበት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ነው። አዲስ ሰፈር ስታቅዱ በበጋ ብቻ ሄዳችሁ መሬቱን አትዩ። በነሐሴም ሂዱ። የሀገሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ከማንኛውም ካርታ በላይ ያውቃሉ። አስፋልትና ጣሪያ ሲበዛ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ቀድሞ መሬት ይመጠው የነበረው ዝናብ አሁን በቀጥታ ወደ ወንዙ ይሮጣልና።

ፕላኑን ስታዩ

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት እንዲያገለግል አድርጎ አስቀምጧል። ሕዝቡ ሊያየውና አስተያየት ሊሰጥበትም ይገባል። ከተማችሁ እየሰፋ ከሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ካርታውን ጠይቁ። ቀለሙ አያስፈራችሁ። መጀመሪያ ወፍራሞቹን መስመሮች ተመልከቱ። ከነባሩ ከተማ መንገዶች ጋር ይገናኛሉ ወይስ ሜዳው ላይ ይቆማሉ? ለጥቆ አረንጓዴውን ከወንዙ ጋር አስተያዩት። የማጣሪያ ጣቢያ ምልክት ፈልጉ። ካርታው ላይ ያሉት የገበሬ ቀበሌዎች ስም ተጽፎ እንደሆነ ወይም ነጭ ብቻ እንደሆነ እዩ።

ውይይት ሲጠራ ደግሞ ዝም አትበሉ። ስንት ቤት ይሠራል የሚለው በስክሪን ላይ በትልቁ ይመጣል። እናንተ ውሃው ከየትኛው ጉድጓድ ነው፣ ቁፋሮው መቼ ያልቃል ብላችሁ ጠይቁ። ከመሬታቸው የሚነሱት እነማን ናቸው፣ ከሰፈሩስ ምን ድርሻ ይኖራቸዋል ብላችሁ ጠይቁ። «በጥናት ላይ ነው» ከተባለ፣ የቤቱም ግንባታ ጥናቱ እስኪያልቅ ይቆይ ብሎ በቃለ ጉባኤ ማስያዝ ይቻላል።